ሕገ ወጥ ክፍልፋይን ወደ ድብልቅ ቁጥር መቀየር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አስቀድመን ስለ አጻጻፉ እንስማማ። እዚህ ገጽ ላይ 17/5 ተብሎ ሲጻፍ 17 ላዕል፣ 5 ታሕት ነው። 3 2/5 ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ በ3 እና በ2 መካከል ያለው ክፍተት ሆን ተብሎ የተተወ ነው፤ ሦስት ከሁለት አምስተኛ ማለት ነው እንጂ ሠላሳ ሁለት አምስተኛ አይደለም። ደብተር ላይ ክፍልፋዩ ከላይና ከታች ሆኖ ስለሚጻፍ ይህ ግራ መጋባት የለም። ስክሪን ላይ ግን አንዲት ክፍተት ከተዘለለች ቁጥሩ ሌላ ቁጥር ይሆናል።

ክፍልፋዩ «ሕገ ወጥ» የተባለው ምን አጥፍቶ ነው?

ምንም አላጠፋም፤ የሚያስደነግጠው ስሙ ብቻ ነው። ላዕሉ ከታሕቱ የሚያንስ ክፍልፋይ፣ ለምሳሌ 2/5 ወይም 7/8፣ ሕገኛ ይባላል። ዋጋው በ0 እና በ1 መካከል ነው። ላዕሉ ከታሕቱ ጋር እኩል ሲሆን ወይም ሲበልጥ ደግሞ ሕገ ወጥ ይባላል፦ 5/5፣ 17/5፣ 100/7። ስያሜው የመጣው ክፍልፋይን ከአንድ ሙሉ ነገር ላይ የተቆረሰ ቁራሽ አድርጎ ከማሰብ ነው። ከአንድ ሙሉ ላይ አሥራ ሰባት አምስተኛ መቁረስ አይቻልማ! ከአራት ሙሉ ላይ ግን ይቻላል፤ አራት ሙሉ ሃያ አምስተኛ ስለሆነ ሦስት አምስተኛ ይተርፋል እንኳ።

እኔ ብጠየቅ ሌላ ስም ባወጣሁለት ነበር። ተማሪው «ሕገ ወጥ» የሚለውን ሲሰማ የሠራው መልስ ስሕተት ይመስለዋል፤ ሳያስፈልግ ሊቀይረው ይጣደፋል። 17/5 ትክክለኛና ሙሉ መብት ያለው ቁጥር ነው።

ድብልቅ ቁጥርስ ምንድን ነው?

ሙሉ ቁጥርና ሕገኛ ክፍልፋይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚያሳዩት አንድ ቁጥር ነው። በመካከላቸው የመደመር ምልክት አለ፤ አይጻፍም እንጂ። 3 2/5 ሲባል 3 + 2/5 ማለት ነው። ይህን ያልተጻፈ መደመር አለማየት የብዙ ስሕተት ምንጭ ስለሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አማርኛ ተናጋሪ ድብልቅ ቁጥርን ትምህርት ቤት ሳይገባ ያውቀዋል። «ሁለት ተኩል» 2 1/2 ነው፤ «ሦስት ከሩብ» 3 1/4 ነው። «አምስት ግማሽ» ወይም «አሥራ ሦስት ሩብ» ብሎ የሚናገር ሰው የለም። ስናወራ ሙሉውን አስቀድመን ትርፉን እናስከትላለን፤ ወደ ድብልቅ ቁጥር መቀየርም ይኸው ነው።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። «ከ» የምትለዋ ፊደል ሁለት ሥራ ትሠራለች። «ሦስት ከሩብ» ስንል የምትደምር ናት። «ሦስት ከአምስት አገኘ» ስንል ግን 3/5 ማለታችን ነው፤ መደመር የለም። ስለዚህ «ሦስት ከሁለት አምስተኛ» ሲነበብ «አምስተኛ» የምትለው ቃል መጨረሻዋን ሳታጣ መሰማት አለባት። ጽሑፍ እያነበቡ የሚያስጽፉ አስተማሪዎች ይህችን ነገር ልብ ቢሏት ደግ ነው።

እሺ፣ እንዴት ነው የሚቀየረው?

በማካፈል። የክፍልፋዩ መስመር ራሱ የማካፈል ምልክት ነው፤ 17/5 ማለት 17 ሲካፈል ለ5 ማለት ነው። እዚያ ላይ የተጻፈውን ትእዛዝ መፈጸም ብቻ ነው።

17ን ለ5 እናካፍል። 5 በ17 ውስጥ ሦስት ጊዜ አለ፤ ሦስት ጊዜ አምስት 15 ነው፤ 2 ይቀራል። ድርሻው 3 ሙሉ ቁጥር ይሆናል። ቀሪው 2 ላዕል ይሆናል። ታሕቱ 5 እንደነበረ ይቀመጣል። መልሱ 3 2/5።

ሌላ እንይ፦ 47/6። 6 በ47 ውስጥ ሰባት ጊዜ አለ፤ 42፤ ቀሪው 5። መልሱ 7 5/6። አንድ ደግሞ፦ 29/9። ሦስት ጊዜ ዘጠኝ 27፤ ቀሪ 2፤ መልሱ 3 2/9።

ዘዴው ይኸው ነው፤ ሌላ የተደበቀ ነገር የለውም። ከዚህ በኋላ ያሉት ጥያቄዎች ሁሉ ዘዴው ለምን እንደሚሠራ፣ የት ላይ እንደሚያንሸራትትና መቼ እንደማያስፈልግ ነው የሚናገሩት።

ታሕቱ ለምንድን ነው የማይቀየረው?

ታሕት የቁጥር ያህል የስም ሥራም ስላለው ነው። «አምስተኛ» የቁራሹን ዓይነት ይናገራል፤ ላዕሉ ስንት ቁራሽ እንዳለ ይቆጥራል። 17/5 ማለት አሥራ ሰባት አምስተኞች ማለት ነው። አምስት አምስተኛ አንድ ሙሉ ይሆናል፤ ስለዚህ አሥራ ሰባቱን በአምስት በአምስት እናስራቸዋለን። ሦስት እስር ይወጣል፤ ሁለት ቁራሽ ያለ እስር ይቀራል። የቀሩት ሁለቱ ምንድን ናቸው? እንደ ጓደኞቻቸው አምስተኞች። ማንም አልቆረጣቸውም፣ ማንም አላገጣጠማቸውም፤ ስማቸው በምን ምክንያት ይቀየራል?

በምልክት ሲጻፍ፦ 17/5 = 15/5 + 2/5 = 3 + 2/5። በቃል ማካፈል የሚከብደው ሰው በዚህ መንገድ ቢሠራ ይሻለዋል። ከላዕሉ የማይበልጠውን ትልቁን የታሕት ብዜት ፈልጎ መለየት ነው፤ የተለየው ሙሉ ቁጥር ይሆናል፣ የቀረው ባለበት ይቀመጣል።

ቀሪ ባይኖርስ?

ሙሉ ቁጥር ብቻ ይሆናል። 12/4 = 3። «3 0/4» ብሎ መጻፍ ስሕተት ባይሆንም የሚጽፈው የለም። 7/7 ደግሞ 1 ነው።

መጀመሪያ ላቃልል ወይስ ከቀየርኩ በኋላ?

የፈለጉትን ያስቀድሙ፤ መልሱ አንድ ነው። 42/12ን እንይ። ላዕልንና ታሕትን ለ6 አካፍለን ብናቃልል 7/2 ይሆናል፤ እሱ 3 1/2 ነው። ሳናቃልል ብንቀይር 42 ለ12 ሦስት ደርሶ 6 ይቀራል፤ 3 6/12 ይሆናል፤ 6/12 ሲቃለል ያው 3 1/2።

ሙሉ ቁጥሩ በሁለቱም መንገድ 3 መሆኑን ልብ ይበሉ። ማቃለል ሙሉውን ክፍል ፈጽሞ አይነካም፤ የሚነካው ጭራውን ብቻ ነው። እኔ ማስቀደሙን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ትንንሽ ቁጥር ማካፈል ይቀላል። የጋራ አካፋዩ ወዲያው ካልታየዎት ግን ደቂቃ አያባክኑበት፤ ቀይረው ይጨርሱና ትንሹን ክፍልፋይ ያቃልሉ።

ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ግራ ይገባኛል። ምን ላድርግ?

በአንዴ ለማካፈል አይታገሉ፤ እየቀነሱ ይሂዱ። 4519/12 ተሰጠ እንበል። 12 ሲባዛ በ300 3600 ነው፤ ሲቀነስ 919 ይቀራል። 12 ሲባዛ በ70 840 ነው፤ 79 ይቀራል። 12 ሲባዛ በ6 72 ነው፤ 7 ይቀራል። 7 ከ12 ስለሚያንስ ደርሰናል። 300 እና 70 እና 6 ሲደመሩ 376፤ መልሱ 376 7/12። በመካከል ላይ በ300 ፈንታ 200 ብለው ቢጀምሩም ችግር የለውም፤ አንድ እርምጃ ይጨምራል እንጂ መልሱ አይበላሽም።

በካልኩሌተር ቢሠሩትስ? 23ን ለ6 ሲያካፍሉ 3.8333… ያሳያል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ከነጥብ በኋላ ያለውን 8 ቀሪ አድርጎ 3 8/6 ይጽፋል። ከነጥብ በኋላ ያለው ቀሪው አይደለም፤ ቀሪው ለ6 ተካፍሎ የወጣ ነው። ስለዚህ ከነጥቡ በፊት ያለውን 3 ብቻ ይውሰዱ፤ 3 ጊዜ 6 = 18፤ 23 ሲቀነስ 18 = 5፤ መልሱ 3 5/6። 1000/37ም እንዲሁ ነው፦ ካልኩሌተሩ 27.027027… ይላል፤ 27 ጊዜ 37 999 ነው፤ 1 ቀረ፤ 27 1/37።

በብዛት የሚሠሩት ስሕተቶች የትኞቹ ናቸው?

ከላይ ከጠቀስኩት ሌላ ሦስቱን ደጋግሜ አይቻለሁ። የመጀመሪያው ድርሻና ቀሪን ማለዋወጥ ነው፦ 17/5 ሲጠየቅ 2 3/5 መጻፍ። ማካፈሉ ልክ ነው፤ ቦታው ነው የተሳሳተው። መድኃኒቱ ግምት ነው። 17/5 ከ15/5 ይበልጣል፤ ስለዚህ ከ3 በላይ መሆን አለበት፤ 2 ከምናምን ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ማካፈሉን ቶሎ ማቆም ነው። 29/8ን አንዱ 2 13/8 ብሎ ጻፈ እንበል። ዋጋው ትክክል ነው፤ 16/8 እና 13/8 ሲደመሩ 29/8 ናቸው። ግን 13/8 ራሱ ሕገ ወጥ ስለሆነ ቅየራው አላለቀም፤ ከ13ቱ ውስጥ ገና አንድ እስር ይወጣል። 3 5/8 ሲሆን ነው የሚያልቀው። ይህን ስሕተት ሙሉ ስሕተት ማለት ይከብደኛል፤ ያልተጨረሰ ሥራ ነው፤ እንዲያውም ስንቀንስ ሆን ብለን ወደዚህ ቅርጽ የምንመለስበት ጊዜ አለ።

ሦስተኛው ቀሪውን በታሕቱ ላይ ማስቀመጡን ረስቶ በድርሻው ላይ ማስቀመጥ ነው፦ 17/5 = 3 2/3። ይህ የሚመጣው ዘዴውን እንደ መዝሙር በቃል ከመያዝ ነው። አምስተኛ አምስተኛ ሆኖ እንደሚቀር የገባው ሰው አይሠራውም።

መልሴ ልክ መሆኑን እንዴት ላረጋግጥ?

ወደ ኋላ በመመለስ። ሙሉ ቁጥሩን በታሕቱ ያባዙ፣ ላዕሉን ይደምሩ፤ የወጣው የመጀመሪያው ላዕል (አቃልለው ከሆነ የተቃለለው ክፍልፋይ ላዕል) መሆን አለበት። 7 5/6፦ 7 ጊዜ 6 = 42፣ 42 ሲደመር 5 = 47፤ ማለትም 47/6። ገጠመ። ከዚህ ሌላ አንድ ነገር ይዩ፦ የጭራው ላዕል ከታሕቱ ማነስ አለበት። ሁለቱ ከተሟሉ መልሱ ልክ ነው፤ ሌላ ልክ የሆነ መልስም የለም። አንድን ቁጥር ለሌላ ስናካፍል ከአካፋዩ የሚያንስ ቀሪ የሚገኘው በአንድ መንገድ ብቻ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ሕገ ወጥ ክፍልፋይ፣ ጭራውን እስከ መጨረሻ ካቃለልነው፣ ያለው ድብልቅ ቁጥር አንድ ነው።

ኔጌቲቭ ሲሆንስ?

ምልክቱን ወደ ጎን ያስቀምጡ፤ እንደ ፖዘቲቭ ይቀይሩ፤ ከዚያ ምልክቱን ለሙሉው መልስ ይመልሱ። −7/3 ሲሆን 7/3 = 2 1/3፤ ስለዚህ −2 1/3።

ጥንቃቄ የሚሻው ንባቡ ነው። −2 1/3 ማለት −(2 + 1/3) ነው፤ ሁለቱም ወደ ግራ ይቆጠራሉ። −2 + 1/3 አድርጎ የሚያስብ ሰው −5/3 ላይ ያርፋል፤ ሌላ ቁጥር ነው። በቁጥር መስመር ላይ −2 1/3 ከ−2 አልፎ ወደ −3 አቅጣጫ የሚገኝ ነው።

ኮምፒውተር የሚያሠሩ ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር ያጋጥማቸዋል። በፓይተን ቋንቋ −7ን ለ3 በሙሉ ቁጥር ማካፈል (−7 // 3) −3 ይሰጣል፤ ቀሪው 2 ነው። በጃቫና በሲ ያው ማካፈል −2 ይሰጣል፤ ቀሪው −1 ነው። ሁለቱም አልተሳሳቱም፦ −3 + 2/3 እና −2 − 1/3 ሁለቱም −7/3 ናቸው። ፓይተን ወደ ታች ይወርዳል፣ ጃቫ ወደ ዜሮ ይቀርባል። ድብልቅ ቁጥር አድርጎ ለማሳየት የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው፤ በፓይተን ለሚሠራ ሰው ምልክቱን ለይቶ መያዙ ይበጀዋል።

ሁልጊዜ ወደ ድብልቅ መቀየር አለብኝ?

የለብዎትም። ይህ ከሁሉ በላይ ሰው ቢያውቀው የምወደው ነገር ነው። ድብልቅ ቁጥር ለማንበብና ለመገመት የተመቸ ነው፤ ሕገ ወጥ ክፍልፋይ ለመሥራት የተመቸ ነው። 137/8 ስንት ያህል ነው ቢባል ወዲያው ማለት ያስቸግራል፤ 17 1/8 ሲሉት ግን አሥራ ሰባት እንዳለፈ ሁሉም ያየዋል። በሌላ በኩል ለማባዛትና ለማካፈል ድብልቁ እንቅፋት ነው።

2 1/2ን በ3 1/3 እናባዛ። ያልተጻፈውን መደመር የረሳ ሰው 2 ጊዜ 3 = 6፣ 1/2 ጊዜ 1/3 = 1/6 ብሎ 6 1/6 ይጽፋል። ትክክለኛው መንገድ ወደ ሕገ ወጥ መመለስ ነው፦ 5/2 × 10/3 = 50/6 = 25/3 = 8 1/3። ከሁለት በላይ የሆነው ልዩነት የት ገባ? 2 ጊዜ 1/3 እና 1/2 ጊዜ 3 ሳይባዙ ስለቀሩ ነው፤ 2/3 እና 3/2 ሲደመሩ 13/6 ናቸው፤ በ6 1/6 ላይ ሲጨመሩ 8 1/3 ይሆናል። ማካፈልም እንዲሁ፦ 3 3/4 ÷ 1 1/2 = 15/4 × 2/3 = 30/12 = 2 1/2።

አልጀብራ ውስጥ ሲገባ ድብልቅ ቁጥር ጨርሶ ይጠፋል ማለት ይቻላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ እዚያ ጎን ለጎን የተጻፉ ነገሮች የሚባዙ ናቸው። በቁጥር ጎን ፊደል ካለ ማባዛት ነው፤ 3 2/5 ግን መደመር ነው። ሁለቱ ሕጎች አንድ ገጽ ላይ እንዳይጋጩ 17/5 ተብሎ ይተዋል። ከፍ ባለ ክፍል አስተማሪው መልሱን በድብልቅ ካልጠየቀ ሕገ ወጡ ተቃልሎ መቀመጡ በቂ ነው። በታችኛው ክፍል ግን ጥያቄው «ወደ ድብልቅ ቁጥር ቀይር» ካለ፣ ያው ይቀየራል እንግዲህ።

ለመደመርና ለመቀነስስ የትኛው ይሻላል?

ለመደመር ድብልቁን እንዳለ መያዝ ይቻላል፤ ትልልቅ ሙሉ ቁጥሮች ካሉ እንዲያውም ይቀላል። 2 3/4 + 1 2/3 ሲሆን ሙሉዎቹ 3፤ ክፍልፋዮቹ 9/12 እና 8/12 ሲደመሩ 17/12፤ እሱ ደግሞ 1 5/12 ነው፤ ድምሩ 4 5/12። መጨረሻ ላይ የመጣችው 17/12 ትንሽ ቅየራ እንደጠየቀች ያያሉ።

ለመቀነስ 5 1/4 − 2 3/4ን እንውሰድ። ከ1/4 ላይ 3/4 አይነሳም። ከ5ቱ አንዱን ፈትተን 4/4 እናድርገው፦ 4 5/4። አሁን 4 5/4 − 2 3/4 = 2 2/4 = 2 1/2። ቅድም ያልተጨረሰ ሥራ ያልኩት ቅርጽ ይኸው ጠቀመ። መፍታት የማይወድ ሰው 21/4 − 11/4 = 10/4 ብሎ ይሥራ፤ ያው ነው።

ይህ ነገር ከክፍል ውጭ የት ይገኛል?

ሩጫ የሚያይ ሰው ሳያውቀው ሲጠቀምበት ይውላል። የመሮጫ መም አንድ ዙር 400 ሜትር ነው። 1500 ሜትር ስንት ዙር ነው? 1500/400 = 15/4 = 3 3/4። የ1500 ሯጮች ከማጠናቀቂያው መስመር ላይ የማይነሡት ለዚህ ነው፤ ያቺ 3/4 ሌላ ቦታ ላይ እንዲቆሙ ታስገድዳቸዋለች። 5000 ሜትር 12 1/2 ዙር ስለሆነ መነሻው ከማጠናቀቂያው ትይዩ ማዶ ነው። 10000 ሜትር ግን ልክ 25 ነው፤ ቀሪ የለውም፤ መነሻና መድረሻው አንድ መስመር ነው። ማራቶን፣ 42195 ሜትር፣ በመም ላይ ቢሮጥ 105 39/80 ዙር ይሆን ነበር። እንኳን በመንገድ ሆነ።

የቀን አቆጣጠር ደግሞ ከዚህ ይልቅ የሚያምር ነው። 365 ቀን ስንት ሳምንት ነው? 365/7 = 52 1/7። ያቺ አንዷ ቀሪ ቀን ናት ልደትዎ ዘንድሮ ሰኞ ከዋለ በሚቀጥለው ዓመት ማክሰኞ እንዲውል የምታደርገው። 366 ቀን ባለው ዓመት 52 2/7 ስለሚሆን ሁለት ቀን ይዘላል።

በየ4 ዓመቱ አንድ ቀን የሚጨምር አቆጣጠር አማካይ ዓመቱ 1461/4 ቀን ነው፤ ሲቀየር 365 1/4። በ1582 እ.ኤ.አ. የወጣው የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ግን በ400 ዓመት 146097 ቀን ይቆጥራል፦ 146097/400 = 365 97/400። ጭራውን ብቻ ያወዳድሩ። 1/4 ማለት 100/400 ነው፤ ሌላው 97/400 ነው። ልዩነቱ በ400 ዓመት 3 ቀን። በሕገ ወጥ ቅርጻቸው 1461/4 እና 146097/400 ጎን ለጎን ቢቀመጡ ይህን ማን ያየዋል?

ጨረቃም አለች። 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር በጣም ይቀራረባል፤ ዑደቱ በአቴናዊው ሜቶን ስም ይጠራል። 235/19 = 12 7/19። በእያንዳንዱ ዓመት 12 የጨረቃ ወር ይሞላል፤ ከ19 ዓመት ውስጥ ደግሞ 7ቱ 13ኛ ወር ይጨምራሉ። ድርሻው ተራውን ዓመት፣ ቀሪው የሚጨመሩትን ወራት ቁጥር፣ ታሕቱ የዑደቱን ርዝመት ነገረን። የድብልቅ ቁጥር ሦስቱም ቁጥሮች ሥራ ያላቸው እንዲህ ያለ ምሳሌ ብዙ አላውቅም።

ኮምፒውተር ላይ እንዴት ልጻፈው?

በተራ ጽሑፍ ውስጥ ክፍተት ይተው፤ ከተጠራጠሩ 3 + 2/5 ብለው ይጻፉ፤ ማንም አይወቅስዎትም። ኤክሴል ላይ 2 3/4 ብለው በክፍተት ቢጽፉ ድብልቅ ቁጥር መሆኑን ይረዳና 2.75 አድርጎ ይይዘዋል። 3/4 ብቻ ቢጽፉ ግን ቀን ያደርግብዎታል፤ 0 3/4 ብለው ዜሮና ክፍተት ያስቀድሙ።

የጥንት ሰዎችስ እንዲህ ይጽፉ ነበር?

ሐሳቡ ጥንታዊ ነው፤ አጻጻፉ ግን ተለዋውጧል። የጥንት ግብጻውያን ሙሉውን ጽፈው ትርፉን ላዕላቸው 1 በሆኑ ክፍልፋዮች ድምር ያስከትሉ ነበር (2/3 ግን የራሱ ምልክት ነበረው)፤ በእነሱ መንገድ 17/5 = 3 + 1/3 + 1/15 ይሆናል። አርኪሜድስ ፓይ (የክብ ዙሪያ ለወርዱ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር) ከ3 10/71 እንደሚበልጥና ከ3 1/7 እንደሚያንስ አሳየ። በ1202 እ.ኤ.አ. የተጻፈው የፊቦናቺ የሒሳብ መጽሐፍ ደግሞ ክፍልፋዩን ከሙሉ ቁጥሩ በስተግራ ያስቀምጠዋል፤ የዐረብኛ አጻጻፍ አቅጣጫ ተጽዕኖ ይታይበታል።

የቀረውን ክፍልፋይ ገልብጬ እንደገና ብቀይረውስ?

ይህን የሚጠይቁኝ ጥቂቶች ናቸው፤ ግን ከጥያቄዎቹ ሁሉ የምወደው ነው። 84/30ን ቀይሩ፦ 2 24/30። ጭራውን ገልብጡት፦ 30/24 = 1 6/24። ደግሞ ገልብጡት፦ 24/6 = 4፤ ቀሪ የለም። የመጨረሻው አካፋይ 6 ነበር፤ 6 የ84 እና የ30 ትልቁ የጋራ አካፋይ ነው። ማለትም መጀመሪያ ላይ በስንት ማቃለል እንዳለብን እየቀየርን ሳለን አገኘነው (84/30 = 14/5 = 2 4/5)። ይህ ዘዴ ዩክሊድ ከ2300 ዓመት ገደማ በፊት ያስተማረው ነው።

አሁን ያንኑ በ355/113 ላይ እንሞክር። በ5ኛው መቶ ዘመን የቻይናው ሊቅ ዙ ቾንግዢ ለፓይ የሰጠው ክፍልፋይ ነው፤ ከነጥብ በኋላ እስከ ስድስተኛው አኃዝ ድረስ ልክ ነው። ሲቀየር 3 16/113። ጭራው ሲገለበጥ 113/16 = 7 1/16። አሁን ትንሿን 1/16 ብንጥላት 7 ብቻ ይቀራል፤ መልሰን ስንገለብጠው 1/7፤ ከ3 ጋር 3 1/7፤ ማለትም 22/7። ክፍል ውስጥ ፓይ ተብሎ የተሰጠን ቁጥር 1/16ን በመጣል እንዲህ ይገኛል።